ኬክ የተላከለት ሕመም

አቦ ስሙኝማ! ማክሰኞ ጠዋት ኬክ መጣልን። ከሰማይ ነው የመጣው፤ ዕቃ የምታደርሰው በራሪ ማሽን በረንዳችን ላይ አስቀምጣው ሄደች። በላዩ ላይ በክሬም «እንኳን ደስ አለዎት አቶ ወንድይፍራው፣ ከሕመም ነፃ ሆነዋል» ተብሎ ተጽፏል። «አለዎት» ይላል እኮ! እኛ ድሬዎች አያታችንንም አንተ ነው የምንለው። ቤታችን ውስጥ አያቴን፣ አባባን፣ እርስዎ የሚለው ልጥፉ ብቻ ነው።

ልጥፉን ታውቁታላችሁ፣ የእናንተም አያቶች ወገብ ላይ አለ። ማስታገሻውን ቀስ እያለ የሚያስገባው፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በዚያ የሴት ዜና አንባቢ በሚመስል ድምፁ የሚጠይቀው። ሰፈራችን ከዚራ ውስጥ አንድ ሰዓት ሲሆን የሰፈሩ ልጥፍ በሙሉ አፉን አንድ ላይ ይከፍታል። «እንዴት አደሩ? ዛሬ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» ከዚያ በየመስኮቱ፣ «ተመስገን!» «አልሐምዱሊላህ!» «ተመስገን፣ አንቺስ?» መልሰው የሚጠይቁት አሉ እኮ፣ ወላሂ! ጎረቤታችን እትዬ ብርነሽ፣ የድሮዋ ልብስ ሰፊ፣ «ልጆችሽ ደህና አደሩ?» ትለዋለች። እኔ ከእንቅልፌ የምነቃው በዚህ ነው። ልጥፉም ሁሉንም ያመሰግንና ዜሮ ብሎ ይመዘግባል።

ዜሮ ሲደጋገም ደግሞ ኬክ ይመጣል።

እማዬ ኬኩን ስታይ እልል አለች። ጎረቤት ሰምቶ ገባ። ሐጂ ሮብሌ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዞ መጣ፣ እትዬ ብርነሽ አባባን ግንባሩን ሳመችው። ዓርብ የሕመም ጣቢያ ሄዶ ልጥፉ ሊነሳለት ነው፣ በቃ ድኗል ማለት ነው! እኔም ዘልዬ ዘልዬ ጫማዬ ወለቀ። አባባ እኮ ዕድሜውን ሙሉ የጅቡቲን መንገድ ተሳቢ ሲጎትት ኖሮ ነው ወገቡ የሄደው። ከመጨረሻዎቹ ሾፌሮች አንዱ ነበር፤ ከእሱ በኋላ መኪናዎቹ ራሳቸውን መንዳት ጀመሩ።

«በል ተነስና ቁረጠው!» አለችው እማዬ።

አባባ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ጣቶቹ ነጭ ሆኑ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፣ አፉ ግን እየሳቀ ነው። ትንሽ ከፍ አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ተቀምጬ ልቁረጠው እንጂ» አለ። «ኬክ እኮ በግ አይደለም፣ አይሸሽም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ምክንያቱም አሰብኩት። አባባ ከዚያ ወንበር ላይ ከተነሳ ቆየ። «ሙቀቱ ነው» ይላል። ሙቀቱማ ሁልጊዜ አለ፣ ድሬ ናት! እኩለ ቀን ላይ፣ በጥላ ሰዓት፣ መንገዱ ሁሉ ይዘጋል፣ አስፋልቱ ላይ ድመት እንኳን አትሄድም። ግን ማታ ማታ ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ አይወጣም።

እና ደግሞ ስምንተኛ ክፍልን ያለፈ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ማስታገሻን ሰውነት ይለምደዋል። ሰውነት ብቻውን አይለምደውም፣ ሴሮቶኒን የሚባለው ያለማምደዋል፤ ሴሮቶኒን የሚቀመጥባቸው ተቀባዮች አሉ፣ ከእነሱ ውስጥ አንዱ ነው ነገረኛው። እሱን ዘግተህ ያንኑ የድሮ መድኃኒት፣ በዚያው በድሮ መጠኑ ስትሰጥ፣ እንደ አዲስ ይሠራል። የሚዘጋው ኪኒን ስሙ መዝጊያ ነው፣ ብርቱካንማ ነው፣ በፈተና ሲመጣ የክፍሌ ልጆች ሁሌ ይመልሱታል። ግን መዝጊያ የሚታዘዘው ልጥፉ ሕመሙ ሲጨምር ከሰማ ነው። ሁለት፣ አራት፣ ስድስት የሚል ሰው መዝጊያ ያገኛል። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ላለ ሰው ኬክ ነው።

እንግዶቹ ሲወጡ ጠብቄ ወንበሩ ስር ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ያምሃል?»

«ተመስገን።»

«ተመስገን አይደለም የጠየቅኩህ። ያምሃል ወይስ አያምህም?»

«ምን ይደረጋል፣ ተመስገን ነው።»

«ከአስር ስንት?»

«አንቺ ትራፊክ ፖሊስ ሆነሻል እንዴ?»

«አባባ! ዓርብ ልጥፉን ሊነቅሉት ነው! አንዴ ከተነቀለ መልሶ ለማግኘት ወረፋው እስከ ሌላ ክረምት ነው። ከሥር ያለው ሕመም ከነነፍሱ ሊወጣብህ ነው!»

አየኝ። ያውቃል። ወላሂ ሁሉን ያውቃል። ፀጉሬን ዳሰስ አደረገና፣ «ከእኔ የባሰበት ስንት አለ ትንግርቴ» አለ። «ለእነሱ ይዋል።»

ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ጠየቀችው። «ልጅ ናት፣ ተያት» አላት። እማዬ ደግሞ ማመን ፈልጋ ነበር መሰለኝ፣ «ማሽኑ ዜሮ ይላል፣ እሱም ደህና ነኝ ይላል፣ አንቺ ብቻሽን ምን ሁን ትይዋለሽ?» አለችኝ።

ሮጬ የሕመም ጣቢያው ሄድኩ። ሲስተር ኢፍቱ የሰፈራችን ነርስ ናት፤ ስትስቅ ትከሻዋ የሚስቅ ሴት። ነገርኳት። አልሳቀችም።

«አምንሻለሁ» አለች። «ግን የልጅ ልጅ ምስክርነት አይገባም። ሕመም ከባለቤቱ አፍ ነው የሚገባው። ራሱ ይናገር፣ እኔ በጆሮዬ ልስማ፣ ከዚያ በእጄ አስገባዋለሁ። ሳይናገር ግን ዓርብ እኔው ራሴ ነኝ የምነቅለው።»

«እንዴት ላናግረው?»

«አቦ እኔስ ባውቅ! አባቴ አጥንቱ ተሰብሮ ‹ትንሽ ደከመኝ› ነበር የሚለው።»

ረቡዕን በሙሉ ታገልኩ፣ ሙከራዬን ስትሰሙ ትስቃላችሁ። ሐልዋ ገዝቼ «ቁጥር ከነገርከኝ ነው የምታገኘው» አልኩት። «ስኳር ይጎዳኛል» አለ፣ ማታ ግን ሐልዋው የለም። ለድመቷ በጆሮዋ ንገራት አልኩት። ድመቷን አንስቶ በጆሮዋ አንሾካሾከ፣ ሮጬ ጠጋ አልኩ! «ምን አልካት?» ስለው፣ «ተመስገን አልኳት» አለ። መጨረሻ ላይ አለቀስኩ። እውነተኛ ለቅሶ ነው። እሱ መሐረቡን ሰጥቶኝ አብሮኝ ሊያለቅስ ደረሰ፣ ግን አንድም ቁጥር አልወጣውም።

ሐሙስ አመሻሹ ላይ ሐጂ ሮብሌ በመስኮቱ በኩል ቆመ። ሐጂ ሮብሌ ወጣት ሳለ የአባባ ረዳት ነበር። አብረው ስንት ዓመት የጅቡቲን በረሃ በልተዋል። ሾፌር የሌላቸው መኪናዎች ትልቁን መንገድ ይዘው ሲያልፉ ያያሉ፤ ተሰልፈው፣ ዝም ብለው፣ ያለ ጥሩምባ።

«ያ ወንድይፍራው» ብሎ ተጣራ ሐጂ። «ያቺ ደማም መጨረሻዋ እንዴት ነበር?»

ደማም የአባባ መኪና ስም ነው። አቦ በቃ ተከፈተ! ፍሪሲዮኗ እንዴት እንዳስቸገረው፣ ካምቢዮዋ ሦስተኛ ላይ እንዴት እንደምትጮህ፣ ፍሬኗ፣ ጭነቱን ሁሉ ከሥር የሚሸከመው ባሌስትራዋ፣ መስታወቷ። ሻይ አቀረብኩ፣ ሻዩ በረደ፣ ያማርራል። ያ ሁሉ ቀን አንድ ቃል ያቃተው ሰውዬ!

«ይሄ ሁሉ እሮሮ ከየት መጣ?» አልኩት ሐጂን ቀስ ብዬ፣ ሲሄድ ተከትዬው።

ሐጂ ሳቀ። «ሾፌር ስለራሱ አያማርርም፣ ነውር ነው። ስለመኪናው ግን ሰማይ ይሰማዋል። አንዴ ሚሌ ላይ ወባ ያዘው። እየተንቀጠቀጠ፣ ጥርሱ እየተፋጨ፣ ‹ሮብሌ፣ ራዲያተሩ ሞቋል መሰለኝ፣ እናቁማት› አለኝ። ወርጄ ራዲያተሩን ነካሁት፣ ውሃ ነው፣ ቀዝቃዛ! ተመልሼ ግንባሩን ነካሁት። እሳት!»

እዚያው መንገዱ መሃል ሐጂን አቀፍኩት። ሰው እያየ!

ዓርብ። የጣቢያው የስንብት ክፍል ፊኛ በፊኛ ነው። ልጥፍ የሚነሳለት ሰው ቀይ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ቤተሰብ ዙሪያውን ይቆማል፣ ልጥፉ ለመጨረሻ ጊዜ ይጠይቃል፣ ዜሮ ሲሰማ ሙዚቃ ይጀምራል፣ ነርሷ ትነቅላለች፣ ይጨበጨባል። አባባ ከባጃጇ ወርዶ ወንበሩ ጋ እስኪደርስ ክንዴን ይዞ ነበር። ክንዴ ላይ አሁንም ምልክቱ አለ። እማዬ ያን ጊዜ አየችው መሰለኝ፣ ምክንያቱም መሳቋን አቆመች።

«እንዴት ዋሉ አቶ ወንድይፍራው?» አለ ልጥፉ። «ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?»

«ተመስገን» አለ አባባ።

ሙዚቃው ጀመረ። ያቺ የመዋዕለ ሕፃናት የምትመስል ዜማ። ሲስተር ኢፍቱ ጓንቷን አጠለቀች፣ ሸሚዙን ከወገቡ ላይ ገለጥ አደረገች፣ የልጥፉን ጠርዝ በጥፍሯ ያዘች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው።

«ሾፌር!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዘወር አለ። «ትንግርት!» አለች እማዬ፣ «ሰው ፊት!»

«ሾፌር፣ ልንነሳ ነው። መኪና ሳይታይ አይነሳም። ረዳት ነኝ፣ ልጠይቅ?»

አባባ አየኝ። መጀመሪያ ሊቆጣኝ ነበር። ከዚያ አፉ ዳር ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀይዋ ወንበር ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ፣ ሁለት እጁን መሪ እንደያዘ ሰው ዘረጋ።

«ጠይቂ» አለ።

«ሞተር?»

«ሞተር ምንም አይልም» አለና ደረቱን መታ። «የድሮ ዕቃ ነው።»

«መብራት?»

«የግራው ደብዝዟል። ማታ አልነዳትም።»

«ጎማ?»

«የፊቶቹ ይሄዳሉ።»

«ባሌስትራ?»

ሙዚቃው ቀጥሏል። አንድ እጁ ከመሪው ወርዶ ወደ ወገቡ ሄደ።

«እሱን ተዪው።»

«ባሌስትራ ሳይታይ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ ጋላፊ ድረስ? እኔ አልሳፈርም ሾፌር፣ እዚሁ አውርደኝ።»

«ባሌስትራዋማ አልቋል!» አለ አባባ፣ እንዲህ ጮክ ብሎ! ፊኛው ራሱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። «አልቋል ስልሽ! አንዱ ብረት ተሰብሮ ሌላውን እየበላው ነው። ጠዋት ስትነሳ ትጮኻለች። በፊት ግሪስ ስትቀቢያት እስከ ማታ ዝም ትል ነበር፣ አሁን ያው ግሪስ ለምሳ እንኳን አይደርስላት። ጉድጓድ አይደለም፣ ጠጠር ስትረግጥ እስከ ጋቢናዋ ይሰማል። ደግሞ ቆማም ትጮኻለች! ቆማ! ጭነት ሳይኖርባት፣ ሌሊቱን ሙሉ!»

ሲስተር ኢፍቱ ጥፍሯን ከልጥፉ ላይ አነሳች። ወንበሩ አጠገብ በርከክ አለች፣ እንደ መካኒክ።

«ግሪሱ እምቢ ያላት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«ዳገት ላይስ?»

«ይህችን መኪና ዳገት ያወጣ ሰው መታሰር አለበት።»

«ጩኸቷን ከአስር ስንት ትለዋለህ?»

«ስምንት» አለ አባባ፣ ሳያስብ። «ሌሊት ሌሊት ዘጠኝ።»

ከዚያ ሰማው። ራሱ ያለውን ራሱ ሰማው። እጁን ከመሪው ላይ አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። እማዬ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች። ሙዚቃው ብቻ፣ ካልጨረሰ አይቆምም፣ ይጫወታል። «እንኳን ደስ አለዎት» አለ ልጥፉ።

«አፍህን ዝጋ» አለችው ሲስተር ኢፍቱ፣ ለልጥፉ ነው። ሸሚዙን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰች። «ይበቃኛል፣ ሰምቻለሁ። ማስታገሻው ባለበት ይቀጥላል፣ አንድ ጠብታም አልጨምርም። መዝጊያውን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ትወስዳለህ።»

ብርቱካንማ! በእጄ የያዝኳት እኔ ነኝ! መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃብኝ ነበር፣ ከደስታዬ ብዛት።

አባባ ግን አኮረፈኝ። ባጃጅ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል የለም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ለእማዬ ነው የሚያወራው፣ እኔ ፊቱ ቁጭ ብዬ፣ «ያቺን ልጅ ውሃ አምጪልኝ በያት» ይላል። ውሃውን ሳመጣለት አያየኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅዳሜ ማታ መዝጊያው ባይሠራስ ብዬ ፈራሁ። ሁለቱንም ላጣ ነው፣ ወገቡንም አባባንም።

እሑድ ሲስተር ኢፍቱ ቤታችን ድረስ መጣች። ጠዋት በአንድ ሰዓት ከዚራ ውስጥ እየዞረች በየመስኮቱ ስትሰማ ነበር።

«ሁሉም ተመስገን ነው!» አለች፣ ትከሻዋ እየሳቀ። «ሰፈሩ በሙሉ ዜሮ! ወላሂ ጣቢያው ለኬክ ብቻ ስንት ዱቄት እንደጨረሰ! ትንግርት፣ እትዬ ብርነሽን እንዴት አድርጌ ልጠይቃት? እሷ መኪና አልነዳችም።»

እኔ ማሰብ ስጀምር ከወንበሩ በኩል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ ድምፅ መጣ።

«ለዚያች ልጅ ንገሪያት» አለ አባባ። «ስለ ስፌት መኪናዋ፣ ስለ ሲንጀሯ ትጠይቃት። ክሩ ይበጠሳል ወይ፣ መርፌው ይይዛል ወይ ብላ። ከእግሯ መርገጫ ትጀምር።»

ሲስተር ኢፍቱና እኔ ተያየን። ሳቃችንን በትራስ አፈንነው፣ ምክንያቱም ኩርፊያ ላይ ያለ ሰው ከተሳቀበት እንደ አዲስ ይጀምራል። ሄድን። እትዬ ብርነሽ «መርገጫው ዝጓል፣ ስረግጠው እስከ ጉልበት ይወጋል» አለች። ከአስር ስንት? ሰባት! ልጆቹ ደህና አደሩ ወይ እያለች ልጥፉን የምታጫውት ሴትዮ፣ ሰባት!

ዛሬ ሰኞ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዚራ እንደ ልማዷ ጮኸች። «ተመስገን!» «አልሐምዱሊላህ!» ከእኛ ቤት ግን ምንም። ጆሮዬን አቆምኩ። ምንም! ከአልጋዬ ዘልዬ ሮጥኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። አልጋው ባዶ ነው። እማዬ ከጓዳ ወጣች፣ ተያየን፣ በባዶ እግራችን ወደ ውጪ ሮጥን።

መንገዱ ጥግ ፉል የሚሸጠው ሰውዬ ጋ ሰልፍ አለ። አባባ ሰልፉ ውስጥ ቆሟል። ቆሟል እኮ! ማንንም አልያዘም፣ ምንም አልተደገፈም። ሳህኑን በእጁ ይዟል። ልጥፉ ከሸሚዙ ሥር «ይቅርታ፣ አልሰማሁም፣ ሕመምዎ ስንት ነው» እያለ ይለምነዋል፣ እሱ ግን ጊዜ የለውም፣ ለሰልፉ እያወራ ነው። ለሚያውቀውም፣ ለማያውቀውም።

«አሞኝ ነበር እኮ!» ይላል። «ኧረ ክፉኛ! መቆም አቅቶኝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አጥቼ! ጠላቴን አይመመው!»

ሐጂ ሮብሌ ከፊቱ ነበር፣ ዳቦውን ይዞ ዞረ። «ያ ወንድይፍራው፣ አታፍርም? በየቀኑ በመስኮት እየመጣሁ እንዴት ነህ ስልህ አልነበር? ለምን አልነገርከኝም?»

አባባ ከልቡ ገርሞት አየው።

«እያመመኝ ልናገር እንዴ ታዲያ?»

ሰልፉ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ፣ እውነቱን ነው በሚል።